ክሩዝ ላይ ስዊት ከያዛችሁ ባትለሩን ማዘዝ አትፍሩ

ስዊት (ሰፊና ውድ የሆነውን የመርከብ ክፍል) ይዞ ክሩዝ፣ ማለትም የመርከብ ሽርሽር፣ የሚሳፈር አበሻ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ባትለሩ፣ ለክፍሉ የተመደበው የግል አስተናጋጅ፣ በር አንኳኩቶ ይገባል፣ ስሙን ይናገራል፣ «ምን ላዘጋጅላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ ፈገግ ብለን «ኧረ ምንም፣ ሁሉም ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን» እንላለን። ከዚያ እስከ መውረጃው ቀን አንጠራውም። ይሉኝታ ነው፤ ሰው ማስቸገር አንወድም። ግን የክፍሉን ዋጋ ስትከፍሉ የእሱንም አገልግሎት አብራችሁ ከፍላችኋል። ደግሞ «ምንም» የሚል እንግዳ ለባትለር የሚቀለው እንዳይመስላችሁ። የሚወደውንና የማይወደውን ያልተናገረ እንግዳ ነው የሚከብደው፣ ምክንያቱም ቁርሱንም መክሰሱንም ፍሪጁንም በግምት ሊያዘጋጅ ነው፣ ግምቱ ሲስት ደግሞ እኛ ዝም እንላለን፣ እሱም መሳቱን ሳያውቅ ጉዞው ያልቃል።

ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ለይታችሁ ተናገሩ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ባትለር መኖሩን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ

«ስዊት» ተብሎ የተሸጠ ክፍል ሁሉ ባትለር የለውም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሲልቨርሲ በተባለው የክሩዝ ኩባንያ ላይ ለሁሉም ክፍል ባትለር አለ። ኦሺንያ እና ሪጀንት በተባሉት ኩባንያዎች ላይ ግን «ፔንትሃውስ ስዊት» ከሚሉት ደረጃ ጀምሮ ወደ ላይ ነው። ኩናርድ ላይ ኩዊንስ ግሪል የሚባለው የላይኛው የስዊት ደረጃ እንግዶች ባትለር አላቸው፣ ከሱ ዝቅ ያለው የፕሪንሰስ ግሪል እንግዶች የላቸውም። ሮያል ካሪቢያን ላይ «ሮያል ጂኒ» የሚሉት የግል አስተናጋጅ አለ፤ እሱም የሚመደበው ስታር ክላስ ለሚባሉት ለላይኞቹ ስዊቶች ብቻ ነው። ስካይ ክላስና ሲ ክላስ ስዊት ቢባሉም ጂኒ የላቸውም።

ከትልልቆቹ መርከቦች መካከል ኖርዊጂያን «ዘ ሄቨን»፣ ኤምኤስሲ ደግሞ «ያት ክለብ» የሚሏቸው ለብቻ የተከለሉ ክፍሎች አሏቸው። በካርድ ብቻ የሚከፈት በር፣ ኮንሲየርጅ (ቦታ የሚያስይዝና ጉዳይ የሚያስፈጽም ሠራተኛ)፣ ለብቻ የሚዝናኑበት ቦታ፣ በቀን 24 ሰዓት የባትለር አገልግሎት። ያት ክለብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ኤምኤስሲ ፋንታሲያ በተባለችው መርከብ ላይ ነው። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር፣ በአንዳንድ የኤምኤስሲ መርከቦች ላይ መስኮት የሌለው የያት ክለብ ክፍልም አለ፣ ባትለሩና ምግብ ቤቱ ግን ያው ነው። ቀኑን ሙሉ ውጪ ለሚውል ሰው እኔ የምመክረው ይህን ነው። ኤምኤስሲ ባለፉት ዓመታት በፈረንጆቹ ክረምት ከዱባይና ከዶሃ የሚነሱ ጉዞዎች ስለነበሩት ገልፍ ያላችሁ የዓመቱን መርሐ ግብር ተመልከቱ።

የምትገዙት በወኪል በኩል ከሆነ «ይሄ ክፍል ባትለር አለው ወይ? ምን ምን ያደርጋል?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱንም አስቀምጡት።

ማን ምን ይሠራል?

አልጋ የሚያነጥፈው፣ ፎጣ የሚቀይረው፣ መታጠቢያ ቤቱን የሚያጸዳው የክፍል አጽጂው ነው። ባትለሩ ምግብ ያቀርባል፣ ፍሪጁን ይሞላል፣ ልብስ ወስዶ ያስተኩሳል፣ ጫማ ያስጠርጋል፣ ሻንጣ ይፈታል፣ ስትወርዱም መልሶ ይሸክፋል። ኮንሲየርጅ ባለበት መርከብ ደግሞ የምግብ ቤት፣ የትርኢት፣ የስፓና የሽርሽር ቦታ የሚያስይዘው፣ ሂሳብ ሲሳሳትም የሚያስተካክለው እሱ ነው። ኮንሲየርጅ በሌለበት ይህንንም ባትለሩ ይይዘዋል። የማን ሥራ እንደሆነ ካላወቃችሁ ባትለሩን ጠይቁት፣ ወደሚመለከተው ያደርሰዋል።

አንድ ባትለር የብዙ ክፍል ኃላፊነት እንዳለበት አትርሱ። «24 ሰዓት» ማለት በማንኛውም ሰዓት ተረኛ አለ ማለት እንጂ ያው ሰው ሳይተኛ ይጠብቃችኋል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት አንድ የመርከብ ሠራተኛ በማንኛውም 24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት ደግሞ 77 ሰዓት እንዲያርፍ ያዛል። የዕለቱ ዕረፍት ቢበዛ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ክፋይ ከ6 ሰዓት ማነስ የለበትም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «የምታርፈው ከስንት እስከ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ጨዋነት ብቻ አይደለም፣ ለእናንተም ይጠቅማል። ጉዳያችሁን የሚያውቀው ሰው በሥራ ላይ ሲሆን ታዛላችሁ፣ ሌላ ተረኛ ስልኩን ሲያነሳ ከሀ መጀመር አይኖርባችሁም።

ከመሳፈራችሁ በፊት

ከምግብ ጋር የተያያዘ ነገር ካለ ባትለሩን እስክታገኙ አትጠብቁ። አለርጂ፣ ስኳር፣ ሃላል፣ ኮሸር (በአይሁድ ሕግ የተዘጋጀ ምግብ)፣ ጾም፦ ይህ ሁሉ ከሳምንታት በፊት ለኩባንያው መነገር አለበት። መርከቡ ዕቃውን የሚጭነው ወደብ ላይ ነው፣ ባሕር መሃል ከገባ በኋላ ባትለሩ ቢፈልግም የሌለ ነገር ከየትም አያመጣም። ኮሸር በተለይ ብዙ ጊዜ ታሽጎ የሚመጣ ምግብ ስለሆነ ቀድሞ ካልታዘዘ አይገኝም። እስራኤል ያላችሁ ይህን በደንብ ያዙ። ሃላል የምትበሉ ደግሞ ሥጋው ብቻ ሳይሆን ሶስ ውስጥ ወይን፣ ጣፋጭ ውስጥ ጄላቲን እንዳይኖር ለይታችሁ ጻፉ።

የሮያል ካሪቢያን ጂኒዎች ብዙ ጊዜ ከጉዞው በፊት በኢሜይል ይጽፋሉ። ሌሎቹም የምርጫ ቅጽ ይልካሉ፦ ምን ዓይነት ትራስ፣ ምን ዓይነት መጠጥ። ያንን ቅጽ ሙሉት። ባዶውን መልሶ መላክ «ኧረ ምንም» ማለት ነው።

ከዚያ በአንዲት ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ የራሳችሁን ዝርዝር ጻፉና ይዛችሁ ግቡ። የመሳፈሪያው ቀን ለባትለር ከሁሉም የከፋው ቀን ነው፤ የሚያገለግላቸው ክፍሎች ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሞላሉ፣ ሁሉም ሻንጣ ይፈልጋል፣ ሁሉም ጥያቄ አለው። በቃል የነገራችሁት ሊጠፋው ይችላል፣ ወረቀቱ ግን ኪሱ ውስጥ ይገባል። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው እንዲህ ያለ ነው፦ «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቡና ከትኩስ ወተት ጋር። ፍሪጁ ውስጥ ያለውን ቢራ አውጥተህ ጋዝ ያለው ውኃ አድርግልን። የአሳማ ሥጋ አንበላም። ልጃችን ለውዝ አይነካም። ረቡዕ የባለቤቴ ልደት ነው፣ እሷ አታውቅም።» እንዲህ አጭርና ቁርጥ ያለ ይሁን። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር መጻፍ እንዳትረሱ፣ የእኛ አንድ ሰዓት የእነሱ ሰባት ነው።

ጾመኞች

ይሄን ሰፋ አድርጌ ልበለው፣ ምክንያቱም ለብዙዎቻችን ጉዞውን የሚያበላሸውም የሚያሳምረውም ይኸው ነው።

ክሩዝ የሚደምቅባቸው ወራት ከጾማችን ጋር ይጋጫሉ። ሜዲትራኒያን በጣም የሚሞላው በፈረንጆቹ ኦገስት ነው፣ ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። የፈረንጅ ገና የካሪቢያን ጉዞ የነቢያት ጾም ውስጥ ይወድቃል። ጸደይ ላይ ሁዳዴ አለ። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ በየሳምንቱ አሉ። ስለዚህ ብዙ ሰው ሰላጣና ዳቦ በልቶ ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈለበትን ምግብ ቤት በዓይኑ አይቶ ይመለሳል። አያስፈልግም።

«ሥጋ አልበላም» ብቻ ካላችሁ እንቁላልና አይብ ይመጣላችኋል። «ቪጋን» በሉ፣ ከዚያም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል እንደሌለበት አንድ በአንድ ዘርዝሩ። ዓሣ የምትበሉም የማትበሉም ስላላችሁ እሱን ለብቻው ተናገሩ። ቀኑንም ጻፉ፦ «ረቡዕና ዓርብ ብቻ» ወይም «ጉዞውን ሙሉ»። ባትለሩ ይህን ለወጥ ቤቱ ያደርስና ብዙ ጊዜ የነገውን የእራት ዝርዝር ማታ ያመጣላችኋል። ከዚያ ውስጥ ምን ያለ ቅቤ ሊሠራ እንደሚችል ቀድማችሁ ትመርጣላችሁ፣ ወጥ ቤቱም ጊዜ ያገኛል። መርከቡ ላይ የሕንድ ምግብ የሚሠራ ሰው ካለ ጠይቁ። ምስር፣ ሽምብራ፣ ድንች በቅመም፣ ሩዝ፦ ለእኛ አፍ በጣም የሚቀርበው ይኸው ነው፣ ቃሪያውንም አይሰስቱም።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ደግሞ ባትለሩ በጣም የሚጠቅማችሁ እናንተን ነው። በዚያ ሰዓት ዋናው ምግብ ቤት ምሳ ጨርሶ እራት አልጀመረም፣ ቡፌውም ወደ ሻይና ኬክ ዞሯል። «በየቀኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትኩስ የቪጋን ምግብ ክፍል ድረስ» ብላችሁ አንዴ ብትናገሩ ጉዳዩ አለቀ። በነገራችሁ ላይ ብዙ ቦታ ባትለሮች አመሻሹ ላይ ትንንሽ መክሰስ በሰሃን ያመጣሉ። እሱም በአብዛኛው አይብና ዓሣ ነው። በፍራፍሬ፣ በወይራና በለውዝ እንዲቀይረው ንገሩት።

እንጀራስ? ብዙ ኩባንያዎች ወደ መርከብ እንዲገባ የሚፈቅዱት በፋብሪካ የታሸገና ያልተከፈተ ምግብ ብቻ ነው። ቤት የተሠራ ወጥ ይዛችሁ ብትሄዱ ፍተሻ ላይ ይቀራል፣ ባትለሩም አሙቅልኝ ብትሉት አይችልም፣ በወጥ ቤት ንጽሕና ሕግ የተያዘ ነገር ነውና። ጀበናና ምድጃም እንደዚያው። የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሻማ፣ ዕጣን በእሳት አደጋ ምክንያት በአብዛኛው ክልክል ነው። ብዙ ስዊቶች ውስጥ ግን የቡና ማሽን አለ፣ ካልጣማችሁ ባትለሩ ኤስፕሬሶ ከመጠጥ ቤቱ ያመጣላችኋል። ከቡናው ጋር ፈንዲሻም ጠይቁት፤ ማታ ማታ ፊልም የሚያሳይ መርከብ ላይ አይጠፋም።

ክፍል ውስጥ እራት

ብዙ ሰው ባትለሩን ለቁርስ ብቻ ይጠቀምበታል። እኔን ብትጠይቁኝ ትልቁ ነገር እራቱ ነው። በብዙ መርከቦች ላይ ከዋናው ምግብ ቤት ዝርዝር መርጣችሁ ባትለሩ ጠረጴዛ አንጥፎ፣ ከመጀመሪያው እስከ ጣፋጩ በየተራ እያመጣ ያቀርብላችኋል። በአንዳንዶቹ ከልዩ ምግብ ቤቶቹም ማዘዝ ይቻላል፣ ክፍያ ይኑረው አይኑረው ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ትልልቅ ወላጆች ይዛችሁ ከሆነ ይሄ ነገር በዋጋ አይተመንም፤ እማዬ ነጠላዋን እንዳደረገች፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ባሕሩን እያየች ትበላለች፣ ረጅሙን ኮሪደር መመላለስ የለ፣ የሙዚቃ ጩኸት የለ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ከምሳ ሰዓት በፊት እዘዙ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ትዝ ብሏችሁ አትደውሉ። በረንዳ ላይ መብላት ከፈለጋችሁ ደግሞ መርከቡ ቆሞ ወይም ቀስ ብሎ የሚሄድበትን ምሽት እንዲመርጥላችሁ ባትለሩን ጠይቁ፣ ምክንያቱም መርከቡ ፍጥነት ሲጨምር ንፋሱ ጨርቁንም ምግቡንም ይወስደዋል።

ሌላ ክፍል ያሉ ዘመዶቻችሁን መጋበዝ ብትፈልጉ ቁጥራቸውን ቀድማችሁ ንገሩት። አንዳንድ ቦታ ይቻላል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ በተከለለው ክፍል ውስጥ የሌላ ክፍል እንግዳ አይገባም።

ልብስ

ካውያ ይዛችሁ አትሂዱ፣ በብዙ መርከቦች ላይ ይወሰድባችኋል። ባትለሩ ያስተኩስላችኋል። ስንት ልብስ በነፃ እንደሆነ ግን በየኩባንያው ስለሚለያይ ቀድማችሁ ጠይቁ። የኩናርዷ ኩዊን ሜሪ 2 ከሳውዝሃምፕተን ኒውዮርክ ስትሄድ የጋላ ምሽቶች፣ ማለትም ሰው ሁሉ አጊጦ የሚወጣባቸው ምሽቶች፣ አሏት፣ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው ሱፉንና ቀሚሱን ያመጣል። እናንተ በተሳፈራችሁበት ቀን ሻንጣ ሲፈታ አብራችሁ ስጡ።

ለእንዲህ ያለ ምሽት የአበሻ ቀሚስ በጣም ያምራል። ስትሰጡት ግን «አይታጠብ፣ ይተኮስ ብቻ፣ ከውስጥ በኩል፣ ጥልፉ ላይ ካውያው በቀጥታ እንዳያርፍ» ብላችሁ በጽሑፍ አያይዙበት። የመርከቡ ልብስ አጣቢዎች የሸማ ልብስ አይተው አያውቁም፣ እንደማንኛውም ጥጥ አድርገው ማሽን ውስጥ ቢከቱት ጥለቱ ቀለም ሊለቅ ይችላል።

ሻንጣ ማስፈታቱ የማይመቻችሁ ትኖራላችሁ። የውስጥ ልብስና መድኃኒት ያለበትን ለብቻ አድርጉ፣ ሌላውን ስጡት።

ወደብ ላይ

እንደ ሳንቶሪኒና ግራንድ ኬይማን ባሉ ቦታዎች መርከቡ ራቅ ብሎ ይቆምና ሰው በትንሽ ጀልባ ይወጣል። ሰልፉ ያሰለቻል። የስዊት እንግዶች ብዙ ጊዜ ቅድሚያ አላቸው፣ ግን ቅድሚያው ራሱ መጥቶ አይጠራችሁም። ማታውኑ «ነገ በሦስት ሰዓት መውጣት እንፈልጋለን፣ የት እንገናኝ?» በሉት። ቁርሱንም ከዚያ አርባ አምስት ደቂቃ በፊት አስመጡ። የሚጠጣ ውኃ፣ ፎጣ፣ ለልጆች ሙዝ፣ ሁሉንም ማታ ጠይቁ። ስትመለሱ ደክሟችሁ፣ ርቧችሁ ነው የምትገቡት፤ የምትመለሱበትን ሰዓት ካወቀ ሾርባ ወይም ሳንድዊች ይጠብቃችኋል።

የማይጠየቅ

ልጅ መጠበቅ የባትለር ሥራ አይደለም። ከወደብ የተገዛ መጠጥ በድብቅ ማስገባት፣ የሌላ እንግዳ ክፍል ቁጥር ማወቅ፣ ቪዛና ፓስፖርት ጉዳይ፣ ይህ ሁሉ ከሥራው ውጪ ነው፣ አንዳንዱም ከሥራ ያስባርረዋል። አብረን እንብላ ብላችሁ ማስቀመጥም አስቡበት። ለእኛ ሰው ቆሞ እያየን መብላት ከባድ ነው፣ ይገባኛል፣ ግን በአብዛኛው ከእንግዳ ጋር ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ መብላት ለሠራተኛ አይፈቀድም፣ ስትለምኑት የምታስጨንቁት እሱን ነው። ደግነታችሁን በሌላ መንገድ አሳዩት፦ በስሙ ጥሩት፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቁት። ብዙዎቹ ከፊሊፒንስ፣ ከሕንድ፣ ከኢንዶኔዥያ የመጡ ናቸው፣ ለወራት ልጆቻቸውን አላዩም። ልጆቻችሁም «እባክህ» እና «አመሰግናለሁ» ሳይሉ አያዙት።

አንድ ነገር ካልተመቻችሁ ወዲያው ተናገሩ፣ ለእሱ ለራሱ፣ በለሰለሰ ቃል። ለሁለተኛ ጊዜም ካልተስተካከለ ዋናውን ባትለር ወይም ኮንሲየርጁን አነጋግሩ። ይሉኝታ ይዟችሁ ዝም ብላችሁ ቤት ገብታችሁ ብታማርሩ ማንም አይጠቀምም።

ቲፕ

ሲልቨርሲና ሪጀንት ላይ ቲፕ በዋጋው ውስጥ ተካቷል። ኖርዊጂያን ላይ በየቀኑ የሚቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ ባትለሩንና ኮንሲየርጁን አይጨምርም፣ ለእነሱ በእጅ መስጠት ይጠበቃል። የእናንተ ኩባንያ የትኛው እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት እዩ። ቁርጥ ያለ ሕግ የለም። እኔ ባትለሩ በደንብ ካገለገለ ለአንድ ክፍል በቀን ከ10 እስከ 20 ዶላር ተገቢ ነው እላለሁ፣ የሮያል ጂኒ ያህል ቀኑን ሙሉ አብሯችሁ ለሚሯሯጥ ደግሞ ከዚያ ከፍ ይበል። ጥሬ ገንዘብ፣ በፖስታ፣ በመጨረሻው ምሽት። ረዳት ካለው የረዳቱን ለብቻ አድርጉ። ወደ መጨረሻው ተረኛ ይቀያየራል፣ ስለዚህ ጠዋት አገኘዋለሁ ብላችሁ አታቆዩት።

በመጨረሻው ምሽት

ሻንጣ ብዙውን ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በፊት በር ላይ ይውጣ ይባላል። እንዲሸክፍላችሁ ከፈለጋችሁ ከአንድ ቀን በፊት ንገሩት፣ የዚያን ቀን ሁሉም ሰው ይጠይቀዋል። ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ ወርቅ፣ የነገ ልብስና ጫማ ለብቻ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ። ጠዋት የምትወርዱበትን ሰዓትና ወደ አየር ማረፊያ የሚወስዳችሁ መኪና የሚመጣበትን ሰዓት ንገሩት፣ ቁርስ በዚያው ልክ ይመጣል፤ በሄቨንና በያት ክለብ ደግሞ ሸኝተው እስከ መውጫው ያደርሷችኋል።

ከዚያ በኋላ ኩባንያው በኢሜይል መጠይቅ ይልካል። የባትለሩን ሙሉ ስም ከደረቱ ላይ አይታችሁ ቀድማችሁ ጻፉት፣ የክፍል ቁጥራችሁንም ጨምሩ፣ ምን እንዳደረገላችሁ ለይታችሁ ግለጹ። «አገልግሎቱ ጥሩ ነበር» ከማለት «በጾማችን ቀን ሁሉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትኩስ ምግብ አላጓደለም» ማለት ለእሱ ይበልጥ ይጠቅመዋል፣ አለቆቹ የሚያነቡት ያንን ነው። የረዳቱንና የክፍል አጽጂውን ስምም እዚያው ላይ አትርሱ።